የታሰረ ምላስና የታሰረ ከንፈር በልጆችና በአዋቂዎች፦ መቼ እና እንዴት ይታከማል?

አንዲት አያት የአምስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ወደ ምርመራ ክፍሌ ገቡና ገና ወንበር ሳይዙ «ዶክተር፣ ይህ ልጅ እስካሁን አፉን በቅጡ አልፈታም፤ ምላሱ ታስሮ ነውና ይፍቱልን» አሉኝ። ልጁን አስቀምጬ ምላሱን እንዲያወጣ ስጠይቀው እስከ አገጩ ድረስ ዘረጋው፤ የላይኛውን ከንፈሩንም ያለ ችግር ላሰ። ከምላሱ ሥር ያለችው ማያያዣ ሥጋ አጠር ያለች መሆኗ ባይካድም እንቅስቃሴውን አልያዘችውም። ጥቂት ቆይቼ ከጀርባው ቆምኩና ስሙን በዝግታ ጠራሁት፤ አልዞረም። ደግሜ ጠራሁት፤ አሁንም አልዞረም። ወደ አንገት በላይ ሐኪም ላክነው፤ በሁለቱም ጆሮዎቹ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ተገኘ። የዚያን ልጅ ምላስ ቆርጠን ቢሆን ኖሮ ቤተሰቡ «ታክሟል» ብሎ ይቀመጥ ነበር፤ ልጁም ሳይሰማ ሌላ ዓመት ያልፈው ነበር።

ይህን መመሪያ የምጽፈው በዚያ ክፍል ውስጥ ደጋግሜ የምናገረውን በአንድ ቦታ ለማስቀመጥ ነው። የታሰረ ምላስ የሚታከመው አጭር ሆኖ ስለታየ ሳይሆን ጡት መጥባትን፣ መብላትን፣ መናገርን ወይም የጥርስና የድድን ጤና በተጨባጭ ሲያውክ ብቻ ነው። ይህን መለየት ደግሞ የራሱ ቅደም ተከተል አለው።

ምን እንደሆነ

በመስታወት ፊት ቆመው ምላስዎን ወደ ላይ ቢያነሱ ከምላስዎ ሥር እስከ አፍ ወለል የምትዘረጋ ስስ ሥጋ ያያሉ። ሐኪሞች ፍሬነም ወይም ፍሬኑለም ይሏታል፤ በማንኛውም ሰው አፍ ውስጥ አለች። ጽንስ በማሕፀን ሲያድግ ምላስ መጀመሪያ ከአፍ ወለል ጋር የተያያዘ ሲሆን ቀስ በቀስ ይላቀቃል፤ ይህች ሥጋ የዚያ መላቀቅ ቅሪት ናት። መላቀቁ ሳይሟላ ሲቀር ሥጋዋ አጭር፣ ወፍራም ወይም እስከ ምላስ ጫፍ የደረሰች ትሆናለች፤ የታሰረ ምላስ የሚባለውም ያኔ ነው። ጥናቶች የሚሰጡት ቁጥር እንደ መለኪያቸው ቢለያይም ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ከሚወለዱት ሕፃናት ከ4 እስከ 10 ከመቶ የሚሆኑት እንደሚታይባቸው ነው። በወንዶች ላይ ከሴቶች ይልቅ ይበዛል፤ በቤተሰብም ይወረሳል።

ለረጅም ጊዜ ይህች ሥጋ ራሷን የቻለች እንደ ክር ያለች ነገር ተደርጋ ትታይ ነበር። በኒውዚላንድ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የአካል ጥናት ግን ምላስ ሲነሳ የአፍ ወለልን የሚሸፍነው ስስ ሕብረ ሕዋስ ታጥፎ የሚፈጥራት መሆኗን አሳይቷል። ይህ ለባለሙያ ብቻ የሚጠቅም ዝርዝር አይደለም። ከዚያች እጥፋት በታች ለምላስ ስሜት የሚሰጡት ነርቮች ለላይኛው ገጽ ቀርበው ያልፋሉ፤ ግራና ቀኟ ደግሞ የምራቅ ቱቦዎች መውጫ አለ። «ትንሽ ክር ናት፣ በምላጭ ቆረጥ ማድረግ ነው» የሚለው አነጋገር የሚያስደነግጠኝም በዚህ ምክንያት ነው።

የላይኛው ከንፈርም ከፊት ጥርሶች በላይ ካለው ድድ ጋር የሚያገናኘው የራሱ ፍሬነም አለው። እሱን ለብቻው እመለስበታለሁ፤ ፍርዱም የተለየ ነውና።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይለይ። ንግግሩ ኮልታፋ የሆነ ልጅ፣ የሚንተባተብ ልጅና አፉን ለመፍታት የዘገየ ልጅ ሦስቱም በሰፈር አፍ «ምላሱ የታሰረ» ሊባሉ ይችላሉ። መንተባተብ ከምላስ ፍሬነም ጋር ግንኙነት የለውም። የታሰረ ምላስ ንግግር እንዲዘገይም አያደርግም፤ የዘገየ ልጅ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የመስማት ምርመራና የአጠቃላይ እድገት ግምገማ ነው።

ጡት የሚጠባ ሕፃን

ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ እውነተኛ ጥቅም የሚገኘውም እዚሁ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እሄድበታለሁ።

ሕፃኑ በትክክል ሲጠባ ምላሱ የታችኛውን ድድ አልፎ ይወጣና ጡቱን ከሥር ይደግፋል። ያልቻለ ምላስ የጡቱን ጫፍ ከድድ ጋር ያጣብቀዋል። ስለዚህ ምልክቱ መጀመሪያ የሚታየው በእናት ላይ ነው፦ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጠብታዎች በኋላ የማያቆም ሕመም፣ የተሰነጠቀና የሚደማ የጡት ጫፍ፣ ሕፃኑ ሲለቅ ጫፉ አንድ ወገን ተጨፍልቆ እንደ አዲስ ሊፕስቲክ ሾል ብሎ መውጣት፣ ጡት ሳይጎድል ቀርቶ ደጋግሞ መቆጣት። በሕፃኑ ላይ ደግሞ ሲጠባ የሚሰማ የምላስ ጠቅታ፣ ወተት ከአፍ ጠርዝ መፍሰስ፣ ለረጅም ጊዜ ጠብቶ ወዲያው እንደገና መራብ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ክብደት አለመጨመር ይታያል።

ክብደቱን በቁጥር ይከታተሉ። ጨቅላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተወለደበት ክብደት እስከ 10 ከመቶ ሊቀንስ ይችላል፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ግን ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። ከዚያ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ይጨምራል። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ስድስትና ከዚያ በላይ ጊዜ መሽናት አለበት። ሽንቱ ያነሰ፣ ለመጥባት የደከመ ወይም ክብደቱ የቆመ ሕፃን ስለ ምላስ ክርክር ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ቤት ውስጥ ለማየት ከፈለጉ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ጥፍርዎ አጭር ይሁን። ሕፃኑን ጭንዎ ላይ ራሱን ወደ እርስዎ፣ እግሩን ወደ ፊት አድርገው በጀርባው ያስተኙት፤ ሁለቱን ጠቋሚ ጣቶችዎን ከምላሱ ግራና ቀኝ አስገብተው ቀስ ብለው ወደ ላይ ያንሱ። ሲያለቅስ ምላሱ እንደ ጀልባ መሐሉ ወድቆ ጠርዙ ብቻ የሚነሳ ከሆነ ወይም ጫፉ እንደ ልብ ቅርጽ መሐሉ ገባ ካለ ልብ ይበሉት። ያዩት ነገር ግን ማስታወሻ እንጂ ፍርድ አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት የታሰረ ምላስ ከሚታይባቸው ሕፃናት መካከል ጡት ለመጥባት የሚቸገሩት ከግማሽ በታች መሆናቸውን ገልጿል።

ከመቀስ በፊት የሚቀድመው አቀማመጥን ማስተካከል ነው። የሕፃኑ ሆድ ከእናቱ ሆድ ጋር ይገናኝ፤ ጆሮው፣ ትከሻውና ዳሌው በአንድ መስመር ይሁኑ፤ አፍንጫው ከጡቱ ጫፍ ትይዩ ይቆይ። እንደሚያዛጋ ሰው አፉን በሰፊው እስኪከፍት ይጠብቁና አገጩ መጀመሪያ ጡቱን እንዲነካ አድርገው ወደ ራስዎ ያቅርቡት፤ ጡቱን ወደ እሱ አይግፉ። በጫፉ ዙሪያ ያለው ጠቆር ያለ ክብ ከላይ በኩል በርከት ብሎ፣ ከታች በኩል ጥቂት ብቻ ከታየ አያያዙ ጥሩ ነው። ይህንን አዋላጅ ነርስ ወይም የጡት ማጥባት አማካሪ አጠገብዎ ተቀምጣ አንድ ሙሉ ጊዜ ሲጠባ እያየች ብታስተካክለው ብዙው ችግር ያለ ምንም መቁረጥ ይፈታል። ጡት ሲጠባ ያላየ ባለሙያ «ይቆረጥ» ቢልዎ ሌላ ሰው ይጠይቁ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሕመሙ ካልቀነሰ ወይም ክብደቱ ካልተነሳ፣ ምላሱም በእርግጥ የተያዘ ከሆነ፣ ፍሬኖቶሚ የሚባለው አጭር ሕክምና ተገቢ ነው። ከእሱ ምን እንደሚጠበቅ በሐቀኝነት መነገር አለበት። ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 302 ሕፃናት የተሳተፉባቸውን አምስት ጥናቶች መርምሮ ሕክምናው የእናቶችን የጡት ጫፍ ሕመም በአጭር ጊዜ እንደሚቀንስ አረጋግጧል፤ የመጥባት ችሎታ በሁሉም ጥናቶች መሻሻሉን ግን አላገኘም። የአንዲት እናት ሕመም መቀነስ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ጡት ማጥባቷን እንድትቀጥል ወይም እንድታቆም የሚያደርጋት እሱ ሊሆን ይችላል።

ከቀጠሮው በፊት ለሐኪሙ መንገር ያለብዎት ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ሕፃኑ ሲወለድ የቫይታሚን ኬ መርፌ መውሰዱን ይንገሩ፤ ቤት የተወለደ ሕፃን ላይወስድ ስለሚችል ካርዱን ይዘው ይምጡ። ሁለተኛ፣ በቤተሰቡ ውስጥ በግርዛት፣ በጥርስ መነቀል ወይም በወሊድ ጊዜ ደም አልቆም ያለበት ሰው ካለ ይንገሩ። ሦስተኛ፣ ሕፃኑ ሲተኛ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም ሲጠባ ወደ ሰማያዊነት የሚለወጥ ከሆነ አይደብቁ። የታችኛው መንጋጋው በጣም ትንሽ የሆነ፣ ላንቃው የተሰነጠቀ ወይም ጡንቻው የላላ ሕፃን ምላሱ ቢለቀቅ ወደ ኋላ ወድቆ ትንፋሹን ሊያውክበት ስለሚችል ከመቆረጡ በፊት የተለየ ግምገማ ያስፈልገዋል።

ሂደቱ ራሱ አጭር ነው። ሕፃኑ በጨርቅ ይጠቀለላል፤ ጥቂት የስኳር ውኃ ወይም የእናቱ ወተት ይንጠባጠብለታል፤ ረዳት ራሱን ይይዛል። ሐኪሙ መሐሉ የተሰነጠቀ ማንኪያ መሰል ብረት ከምላሱ ሥር ያስገባና ምላሱን ሲያነሳ ፍሬነሟ በስንጥቁ መሐል ተወጥራ ትታያለች፤ ጫፉ ደነዝ በሆነ ትንሽ መቀስ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይቆርጣታል። ጥቂት የደም ጠብታ ይታያል፤ በጎዝ ይጫናል፤ ሕፃኑም ወዲያው ለእናቱ ተሰጥቶ ይጠባል። መጥባቱ ያረጋጋዋል፣ ደሙንም ያቆማል። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት ሙሉ ማደንዘዣ አያስፈልግም። ቤንዞኬይን ያለበት የአፍ ቅባት ግን እንዳይጠቀሙ፤ የደምን ኦክስጅን የመሸከም አቅም ሊቀንስ ስለሚችል የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጥ አስጠንቅቋል።

ሌዘር ይሻላል ወይ የሚለው ጥያቄ በየቀኑ ይቀርብልኛል። ሌዘር ደም ይቀንሳል፤ በአንጻሩ ሙቀት ያመነጫል፤ በማይችል እጅ ደግሞ ያቃጥላል። በጨቅላዎች ላይ ከመቀስ የተሻለ ውጤት እንደሚሰጥ የሚያሳምን ማስረጃ እስካሁን የለም። ሌዘር ስላለው ክሊኒክ ሳይሆን በጥንቃቄ ስለሚመረምር ሐኪም ይጨነቁ፤ ሌዘር ከተመረጠም የሕፃኑም ሆነ የባለሙያው ዓይን በመከላከያ መነጽር መሸፈኑን ያረጋግጡ።

በአገራችን እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስነቀል ስንት ሕፃን በደም መፍሰስና በመመረዝ እንደጎዱ የምናውቅ ሰዎች ምላስንም ለዚያው እጅ መስጠት የለብንም። በአንድ ምላጭ ከአንዱ ሕፃን ወደ ሌላው መሄድ ቴታነስን፣ ሄፓታይተስንና ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል። «በባህላዊ አዋቂ ተቆርጦለት ነበር» ተብሎ የሚመጣ ልጅ ምላስ ሥር የማየው ጠባሳ አንዳንድ ጊዜ ከመጀመሪያው ማሰሪያ ይልቅ የጠነከረ ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚገጥማቸው ፈተና የተገላቢጦሽ ነው፤ በዚያ አገር ሆስፒታሎች የሚመዘገበው የታሰረ ምላስ ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት ከስምንት እጥፍ በላይ ደርሷል። ምላስን፣ ከንፈርንና ጉንጭን በአንድ ቀን በሌዘር እንቁረጥ የሚል ክሊኒክ ካጋጠማችሁ እወቁ፤ የአሜሪካ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የባለሙያዎች ስምምነት የጉንጭ ፍሬነም መቁረጥ መደረግ እንደሌለበት ተገልጿል።

ከፍ ያለ ልጅ

መናገር የጀመረ ልጅ ላይ ምርመራው በጨዋታ ይጀምራል። አፉን በሰፊው ከፍቶ የምላሱን ጫፍ ከላይኛው የፊት ጥርሶች ጀርባ እንዲያስነካ፣ ከንፈሩን ዙሪያውን እንዲልስ፣ የጉንጩን ውስጥ ግራና ቀኝ በምላሱ እንዲገፋ ይጠየቃል። አንዱ መለኪያ እንዲህ ነው፦ ልጁ አፉን እስከሚችለው ሲከፍት በላይና በታች ጥርሶች መካከል ያለው ርቀት ይለካል፤ ከዚያ የምላሱን ጫፍ ከላይኛው ጥርሶች ጀርባ እንዳስነካ አፉን ሲከፍት እንደገና ይለካል። ሁለተኛው ልኬት ከመጀመሪያው ከግማሽ በታች ከሆነ እንቅስቃሴው በግልጽ ተይዟል ማለት ነው።

ንግግሩን ለማዳመጥ «ላሊበላ»፣ «በርበሬ»፣ «ደረት»፣ «ጥጥ»፣ «ነጠላ» እንዲል አደርጋለሁ፤ «ል»፣ «ር»፣ «ት»፣ «ድ»፣ «ን» እና «ጥ» የምላስ ጫፍ ወደ ላይ ወጥቶ የሚሠራቸው ድምፆች ናቸውና። «በርበሬ»ን «በልበሌ» የሚል የሦስት ዓመት ልጅ ግን አያሳስበኝም፤ «ር» በብዙ ልጆች ዘንድ ዘግይቶ የሚመጣ ድምፅ ነው። «ክ»ንና «ግ»ንም የሚስት ልጅ ከሆነ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ እነዚህ በምላስ ጀርባ የሚሠሩ ስለሆኑ ፍሬነሟ አትይዛቸውም። መስማት ተመርምሮ፣ የንግግር ባለሙያ አይቶት፣ ከአራት ወይም አምስት ዓመት በኋላም የምላስ ጫፍ ድምፆች ብቻ የማይወጡለት ልጅ ምላሱም የተያዘ ከሆነ መልቀቁ ይጠቅመዋል። የቆየ የአነጋገር ልማድ በመቀስ ስለማይቆረጥ ከዚያ በኋላም የድምፅ ልምምድ ያስፈልጋል።

በዚህ ዕድሜ ሕክምናው ከጨቅላው ይለያል። ተባባሪ የሆነና ሰባት ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ በአካባቢ ማደንዘዣ በጥርስ ወንበር ላይ ሊታከም ይችላል፤ ታናናሾቹ ብዙ ጊዜ ሙሉ ማደንዘዣ ስለሚፈልጉ ሆስፒታል ውስጥ የማደንዘዣ ባለሙያ ባለበት መሆን አለበት። ፍሬነሟ ወፍራም ከሆነች ቁርጡ በዜድ ቅርጽ ተደርጎ ራሱ በሚሟሟ ክር ይሰፋል፤ ይህ ፍሬኑሎፕላስቲ የሚባለው ሲሆን ጠባሳው ተሰብስቦ ምላሱን መልሶ እንዳያስረው ያግዛል።

የላይኛው ከንፈርና ፍንጭት

ስለ ታሰረ ከንፈር የምለው አጭር ነው፤ በጨቅላ ላይ መቁረጥ እምብዛም አያስፈልግም። በአብዛኞቹ ጨቅላዎች የከንፈሩ ፍሬነም ዝቅ ብሎ ድዱ ጠርዝ አጠገብ ይያያዛል፤ ይህ የተለመደ ተፈጥሮ ነው። መንጋጋው ሲያድግና ጥርስ ሲወጣ ማያያዣው ወደ ላይ ይርቃል። ልጁ መሄድ ሲለምድ ወድቆ ከንፈሩ ውስጥ ደም ቢፈስ ያን ጊዜ የተቀደደችው ብዙውን ጊዜ ይህችው ሥጋ ናት፤ በጎዝ ተጭና ያለ ስፌት ትድናለች። ቤት ውስጥ የሚጠበቅብዎ ጥርስ ከበቀለ ጀምሮ ጥርሱን ሲቦርሹ ከንፈሩን በጣትዎ ቀና አድርገው ከላይኛው ጥርሶች በላይ የሚቀረውን ወተትና ምግብ ማጽዳት ነው።

ከንፈሩን ሲስቡ በፊት ጥርሶቹ መካከል ያለው ድድ ነጭ የሚሆን ከሆነ ማያያዣው ወደ ጥርሶቹ መሐል ገብቷል ማለት ነው፤ ክፍተትም ሊፈጥር ይችላል። እዚህ ላይ የእኛ አገር ባህል የራሱ ድምፅ አለው፤ ፍንጭት በእኛ ዘንድ የውበት ምልክት ሆኖ ሲዘፈንለት የኖረ ነው፤ ልጅቷም ሆነች ቤተሰቡ ከወደዱት ጤናን የሚጎዳ ነገር የለውም። መዝጋት ከተፈለገም ቋሚዎቹ ክራንቻዎች እስኪወጡ፣ ማለትም እስከ 11 ወይም 12 ዓመት ገደማ ይጠበቃል፤ ትናንሽ ክፍተቶች ያኔ በራሳቸው ይዘጋሉ። ሰፋ ያለው በጥርስ ማስተካከያ ሽቦ መጀመሪያ ይዘጋል፤ ፍሬኔክቶሚው፣ ማለትም ማያያዣውን ቆርጦ ማውጣቱ፣ ከዚያ በኋላ ይሠራል። ቀድሞ ከተቆረጠ የሚቀረው ጠባሳ ጥርሶቹ እንዳይቀራረቡ ሊያስቸግር ይችላል።

አዋቂ ሰው

አዋቂዎች ብዙ ጊዜ ችግራቸውን ከልጅነት ጀምረው ስለለመዱት ችግር መሆኑን አያውቁትም። አንዲት በሃምሳዎቹ ያሉ እናት ለአርቴፊሻል ጥርስ መጥተው የታችኛው ጥርስ ምላሳቸውን ባንቀሳቀሱ ቁጥር ተነስቶ እንደሚወድቅባቸው ነገሩኝ። ምላሳቸው ከታችኛው ድድ በላይ አይወጣም ነበር። ሳወራቸው «በልጄ ሰርግ እንኳን እልል ማለት አቅቶኝ አጨብጭቤ ቀረሁ» አሉኝ። እልልታ የምላስን ፈጣን መመላለስ የሚጠይቅ ነው፤ ይህን ሳይቆጥሩት ኖረዋል።

አዋቂ ሰው ሊታከምባቸው የሚገቡት ምክንያቶች እነዚህ ናቸው፦ ተነቃይ ጥርስ አለመቀመጥ፣ ማያያዣው ከታችኛው የፊት ጥርሶች ጀርባ ወይም ከላይኛው ጥርስ ፊት ድድን እየጎተተ ማሸሽ፣ በምላስ ጥርስን ማጽዳት አለመቻል፣ ዋሽንትን ወይም ሌላ የትንፋሽ መሣሪያን መጫወት መቸገር፣ በንግግር ባለሙያ የተረጋገጠ የድምፅ ችግር። ምላስ ቢቆረጥ ማንኮራፋት፣ የአንገት ሕመም ወይም የጀርባ አቀማመጥ ይስተካከላል የሚል ተስፋ ከሰሙ ግን ገንዘብዎን ይያዙ፤ ይህን የሚያረጋግጥ ጠንካራ ማስረጃ የለም።

ሕክምናው በአካባቢ ማደንዘዣ ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ያልቃል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ፤ በራስዎ ፈቃድ ግን አያቋርጡ። ስኳር ያለበት ሰው የስኳሩን መጠን አስተካክሎ ይምጣ። ከስምምነት ፊርማ በፊት ስለ ደም መፍሰስ፣ ስለ ምላስ መደንዘዝ፣ ስለ ምራቅ ቱቦ መጎዳትና ስለ ጠባሳ በግልጽ እንዲያስረዳዎ ይጠይቁ፤ እነዚህ ጉዳቶች ብዙ ጊዜ ባይደርሱም የማያውቃቸው ሐኪም የሚመረጥ አይደለም።

ከሕክምናው በኋላ

በማግስቱ ከምላስ ሥር ነጭ ወይም ቢጫ ያለ የአልማዝ ቅርጽ ያለው ነገር ይታያል። መግል አይደለም፤ ቁስሉ የሚድንበት ሽፋን ስለሆነ በጨርቅ ወይም በጣት አይጠረግ። በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል።

ጨቅላው ከጡት ሌላ ምንም አያስፈልገውም። ቁስሉ ላይ ቅቤ፣ ጤና አዳም፣ ፌጦ ወይም አረቄ አይደረግ፤ ማር ደግሞ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ቦቱሊዝም የተባለ አደገኛ መመረዝ ሊያስከትል ስለሚችል በፍጹም አይሰጥ። የሕመም ማስታገሻ ካስፈለገ መጠኑን ሐኪሙ በክብደቱ ልክ ይዘዝ፤ አስፕሪን ለልጆች አይሰጥም። አንዳንድ ክሊኒኮች ቁስሉን በቀን ብዙ ጊዜ በጣት እየጫኑ መለጠጥ ያዛሉ፤ ለጨቅላዎች ይህን የሚደግፍ በቂ ማስረጃ የለም፤ ሕፃኑ አፉን ማስነካት እንዲጠላ ሊያደርገውም ይችላል። ይልቁንስ የጡት አያያዙን አማካሪዋ እንደገና እንድታየው ያድርጉ፤ ሕፃኑ አዲሱን ምላሱን መጠቀም ለመልመድ ቀናት ይፈልጋል።

ከፍ ያሉ ልጆችና አዋቂዎች ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ለብ ያለ አጥሚት፣ ሾርባ፣ እርጎ፣ ለስለስ ያለ የአልጫ ሽሮ ፍትፍት ይመገቡ። ሚጥሚጣ፣ ቆሎና ትኩስ ቡና ይቆዩ። ጫትና ሲጋራ ቁስል የሚድንበትን ጊዜ ያራዝማሉ፤ የጫቱ ገረባም ቁስሉ ውስጥ ይገባል። ከማግስቱ ጀምሮ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙተው ከምግብ በኋላ ይጉመጥመጡ። ጥርስዎን በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱ፤ መፋቂያ የሚጠቀሙ ከሆነ ቁስሉ እስኪድን ያስቀምጡት።

ለእነርሱ የምላስ ልምምድ ያስፈልጋል። የምላስን ጫፍ ከላይኛው ጥርሶች ጀርባ አስነክቶ አፍን መክፈትና መዝጋት፣ ምላስን ሙሉ በሙሉ ላንቃ ላይ አጣብቆ ፈረስ ሲራመድ የሚሰማውን ድምፅ እየመሰሉ መልቀቅ፣ ከንፈርን ዙሪያውን መላስ፣ በምላስ ጉንጭን መግፋት። ሐኪሙ በሚሰጠው መመሪያ መሠረት ብዙ ጊዜ በቀን ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ፣ ለአራት እስከ ስድስት ሳምንታት ይሠራል። ያቺ እናት ልምምዱን እልልታ አድርገውት ነበር፤ ወጥ ቤት ሲሠሩ ሰምተው ጎረቤቶቻቸው «ምን ተገኘ?» ብለው እንደመጡ ሲነግሩኝ ፊታቸው በርቶ ነበር።

ደም ከመጣ ንጹሕ ጎዝ አጥፈው ቦታው ላይ ለ10 ደቂቃ ሳያነሱ ይጫኑ፤ በየመሐሉ እየከፈቱ አይዩ። ካላቆመ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ከምላስ ሥር ያለው እብጠት እያደገ ከሄደ ወይም ሕፃኑ መጥባት ካቆመ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ያለዚያ የመጀመሪያው ክትትል በሳምንቱ ይሁን፤ ሕፃን ከሆነ በዚያው ቀን ክብደቱ ይመዘን፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም ይደገም። ምላሱ እንደገና ከተያዘ የሚቀረው ጠባሳ እስኪለሰልስ ሳምንታት ስለሚወስድ ለሁለተኛ ቁርጥ አይቸኩሉ፤ ወደ ክትትሉ ሲመጡም የክብደት ካርዱን፣ የመጀመሪያውን ምርመራ ወረቀትና የተሰጡትን መድኃኒቶች ዝርዝር ይዘው ይምጡ።